የልጅ ልጄ ክላክስ ለምን ደከመ?

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስለሠራሁ የሰፈሩ ሰው ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ደም ግፊት የሚለካ ወይም ቁስል የሚጠርግ ሲፈለግ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ባለፈው ወር ግን ለምርመራ የቀረበልኝ በሽተኛ ሰው አልነበረም፤ የልጅ ልጄ የሞተር ሳይክል ክላክስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ 22 ዓመቱ ነው፤ እናቱ በሥራ ምክንያት ሩቅ ስለምትኖር ያደገው ከእኔ ጋር ነው። እዚሁ ሐዋሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ዕቃ በሞተር ወደ ይርጋዓለምና ወደ አለታ ወንዶ ያደርሳል። አንድ ማታ ሲገባ የቀኝ ክርኑን በጃኬቱ ሸፍኖ አየሁት። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ምንም አልሆንኩም እማዬ፣ ግድግዳ ጭሮኝ ነው» አለኝ። ግድግዳ ግን ጠጠር የለውም። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቤ የመንገድ ጠጠር በመቆንጠጫ ሳወጣለት አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጨቀጨቅኩትም። የሚያመው ሰው ሲጨቀጨቅ ይብሱን እንደሚዘጋ ከሥራዬ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የአየር ክላክስ ገዝቶ መጣ። «የፋብሪካው ክላክስ የጫጩት ድምፅ ነው ያለው፤ የጭነት መኪና ሹፌር አይሰማውም» አለኝ። ክርኑን ምን እንዳገኘው ያኔ ጠረጠርኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱ ገጠመው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ይጮህ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን ድምፁ ሰለለ፤ ጉንፋን እንደያዘው በግ ሆነ። ሲጫን መጀመሪያ ይንተባተባል፣ ከዚያ ወፍራም ግን ደካማ ድምፅ ያወጣል። ልጁ ተናደደ። «ሻጩ አታሎኛል፤ ደመወዝ ስቀበል ከዚህ የሚበልጠውን እገዛለሁ» አለ።

እኔም እንዲህ አልኩት፦ «ልጄ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ አይጨመርም። መጀመሪያ መድኃኒቱ በሽተኛው ጋ መድረሱ ይታያል። ስንት ጊዜ ነው ግሉኮስ ተንጠልጥሎ፣ ከረጢቱ ሙሉ ሆኖ፣ ቱቦው ታጥፎ ያገኘሁት!»

ሳቀብኝ። «እማዬ፣ አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሞተር አላውቅም። ስለ ምርመራ ግን አውቃለሁ» አልኩትና በርጩማዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ክላክሱ እንዴት ይጮሃል?

ከፊት ለፊታችን ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ አለ፤ ልጆቹን እኔ ነኝ የከተብኳቸው። እሱን ጠርተን መጀመሪያ ነገሩን እንዲያስረዳን ጠየቅሁት። የተረዳሁትን በቀላል አማርኛ ላካፍላችሁ።

ከፋብሪካ የሚመጣው ትንሹ ክላክስ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ስስ ብረት አለ። እሱን ለማስጮህ 2 ወይም 3 አምፔር ይበቃል። የአየር ክላክስ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፤ ሞተሩ ኮምፕሬሰሩን ያዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ አየር ወደ ጡሩምባው ይገፋል፤ አየሩ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጥና ጡሩምባው ድምፁን ያጎላዋል። ይህ ሁሉ በ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 አምፔር ይፈልጋል። አየር በበቂ ኃይል ካልተገፋ ድምፁ ይዘገያል፣ ይሰልላል።

ልብ በሉ፤ የሞተር ሳይክሉ ሽቦና የክላክሱ ቁልፍ የተሠሩት ለ2 እና ለ3 አምፔር ነው። የአየር ክላክሱን በዚያው ሽቦ ላይ መቀጠል ለሁለት ሰው የተሠራን ወጥ ሠርግ ቤት ማቅረብ ነው። እንግዳው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል እንጂ የሚጠግብ የለም።

መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ መሣሪያ

በሥራ ዘመኔ በሽተኛ ሲመጣ ወደ ላቦራቶሪ ከመላክ በፊት አይተን፣ ዳስሰን፣ ጠይቀን ነበር። እዚህም ያንኑ አደረግን።

የክላክሱን አቀማመጥ አየን። የጡሩምባው አፍ ወደ ላይ ከዞረ የዝናብ ውኃና ጭቃ ይጠራቀምበታል፤ ወደ ፊት ወይም ትንሽ ወደ ታች መመልከት አለበት። አፉ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ሽፋን ጋር ከተጣበቀ ድምፁ ይታፈናል። ኮምፕሬሰሩ በመመሪያው ላይ እንደተሳለው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳም መደፈን የለበትም። ጡሩምባው ለብቻው ተገጥሞ በቱቦ የሚገናኝ ከሆነ ቱቦው አጭር፣ ያልታጠፈና ያልተቀደደ መሆን አለበት። መካኒኩ ሞተር ረጅም ጊዜ ሲቆም ተርብ ጡሩምባው ውስጥ የጭቃ ቤት ሠርታ እንዳገኘም ነገረን።

ከዚያ ሽቦው በትክክል መቀጠሉን ጠየቀ። በአንዳንድ ኮምፕሬሰሮች ላይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተቀያየረ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚዞር ድምፁ እስትንፋስ ብቻ ይሆናል። የልጄ ግን ትክክል ነበር። ጡሩምባውም ንጹሕ ነበር። ስለዚህ በሽታው ከጉሮሮው አልነበረም።

ዝም ሲል ጤነኛ፣ ሲሠራ ሕመምተኛ

አሁን መካኒኩ ቴስተሩን አወጣ። ልጄ ፈጠን ብሎ «እኔ ለክቼዋለሁ፤ ክላክሱ ጋ 12 ቮልት ይደርሳል፤ ሽቦው ችግር የለበትም» አለ።

መካኒኩ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ሲስተር፣ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ማንም ሽቦ 12 ቮልት ያሳያል። እውነቱን የሚናገረው ሥራ ሲያስይዙት ነው» አለኝ።

ይህን ስሰማ ከሙያ ጓደኛዬ ጋር የማወራ መሰለኝ። ልቡ የደከመ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሲመረመር የልብ ትርታው ደህና ሊመስል ይችላል። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሲወጣ ነው ሕመሙ የሚታወቀው። ሽቦም እንደዚያው ነው። ካሉት ክሮች አንዱ ብቻ ቢቀረው እንኳ ምንም ጭነት ሳይኖር ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ብዙ አምፔር እለፍ ሲባል ግን ያልፍበታል እንጂ አይችለውም፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ለካን፤ ቁጥሩን እኔ በደብተር ያዝኩ።

ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት። ይህ ጥሩ ነው፤ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሲያርፍ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፣ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ተነሥቶ ጋዝ ትንሽ ሲሰጠው 14 ቮልት ሆነ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ባትሪው እየተሞላ ነው። ምግቡም አበላሉም ደህና ነበር።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን ክላክሱን እያስጮህን ለካን። ባትሪው ላይ 11.6። ክላክሱ ጋ ግን 8.4 ብቻ! ከባትሪው እስከ ክላክሱ ባለችው አጭር መንገድ 3.2 ቮልት ጠፋ። የግሉኮሱ ከረጢት ሙሉ ነው፤ ቱቦው ግን ታጥፏል።

የጠፋውም በሁለት ቦታ ነበር። 2.1 ቮልቱ በፖዘቲቩ በኩል፣ በቀጭኑ የድሮ ሽቦና በተጠበሰው የክላክስ ቁልፍ ውስጥ ቀረ። 1.1 ቮልቱ ደግሞ በኔጋቲቩ በኩል፤ ልጄ ሽቦውን ያሰረው ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ይመረምርና መመለሻውን ይረሳል። ደም በአርተሪ ሄዶ በቬን ካልተመለሰ ምን ዋጋ አለው?

የብርማ ወረቀቱ ጉዳይ

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በጨዋታ ነበርን። መካኒኩ የፊውዙን ቤት ሲከፍት ግን ጨዋታው ቆመ። ፊውዙ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል።

ልጄ አንገቱን ደፋ። ክላክሱን ከገጠመ በኋላ 10 አምፔሩ ፊውዝ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎበት ነበር። «በየጊዜው መግዛት ሰለቸኝ» አለ።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሲቃጠል «አደጋ አለ» እያለ ነው። በብርማ ወረቀት ወይም በቁራጭ ሽቦ ከተጠቀለለ ከዚያ በኋላ የሚግለው ሽቦው ራሱ ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው ቤንዚን ከተሞላው ሰልባትዮ ሥር፣ ከልጃችሁ ጭን አጠገብ ነው። በቤንዚን እሳት የተቃጠለ ሰው አስታምሜያለሁና ስለዚህ ነገር ለስላሳ ቃል የለኝም። ሌላም አለ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ያ አንድ ፊውዝ ፍሬቻውንና ሌላውንም ኤሌክትሪክ ይመግባል። በምሽት መንገድ ላይ ክላክስ ስትጫን ሁሉም አብሮ ቢጠፋስ?

ተቆጣሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ተቆጥቼው አላውቅም። እሱም አልመለሰልኝም። ወረቀቱን ራሱ ነቅሎ ጣለው።

ፈውሱ

የተደረገው ሕክምና ውድ አልነበረም። መካኒኩ እያሳየው ልጄ በገዛ እጁ ሠራው።

መጀመሪያ ከባትሪው በቀጥታ ለክላክሱ ብቻ አዲስ ወፍራም ሽቦ ዘረጉ፤ ባለ 2.5። ለቤት ሶኬት የምንዘረጋው ባለ አንድ ፍሬ ደረቅ ሽቦ ግን አይሆንም፤ በንዝረት ይሰበራል። ብዙ ክር ያለው ለስላሳው ነው የሚፈለገው። ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ተደረገለት፤ በእኛ ክላክስ መመሪያ ላይ የተጻፈው 20 አምፔር ነበር።

ሁለተኛ፣ ሪሌ ገባ። ሪሌ ማለት እንደ በር ጠባቂ ነው። ከክላክስ ቁልፉ የሚመጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ «ክፈት» ብሎ ያዘዋል፤ ትልቁ ኤሌክትሪክ ደግሞ በቁልፉ ሳያልፍ ከባትሪው ወደ ክላክሱ በቀጥታ ይሄዳል። በተለመደው የመኪና ሪሌ እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣው ነው፤ 87 ወደ ክላክሱ የሚሄደው፤ 85 እና 86 ከቁልፉ ትእዛዝ የሚቀበሉት። መካኒኩ አንድ ነገር አስጠንቅቋል፤ በአንዳንድ ሞተሮች የክላክስ ቁልፉ የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ስለሆነ ከመቀጠል በፊት በቴስተር ማረጋገጥ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ኔጋቲቩ ከቀለም ብሎን ተነሥቶ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ሄደ። የባትሪው ጫፎችም ከነጭ ዝገታቸው ተጠረጉ።

በሥራው መሐል የእኔ ድርሻ የነርስ ድርሻ ነበር። ባትሪ ሲነካ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ ብረት ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ካገናኘ በሰከንድ ውስጥ ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይከተል። የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው እንጂ ማሸት የለም። ክላክሱ ሲሞከርም ማንም ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ከጡሩምባው አፍ ፊት አይቁም።

ሞከርነው። ሠፈሩ ተናወጠ፤ የጎረቤት ውሻ አጥር ሥር ገባ። እንደገና ሲለካ ባትሪው ላይ 11.3፣ ክላክሱ ጋ 10.9 ሆነ። በመንገድ ላይ የሚጠፋው ከ3.2 ወደ 0.4 ወረደ። ክላክሱ ያው ነው፤ ሻጩም አላታለለውም። ሊገዛው ያሰበው ትልቁ ክላክስ ደግሞ ተጨማሪ አምፔር ስለሚጎትት በዚያው ሽቦ ላይ ይብሱን ይደክም ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት ይህ ነው።

ባትሪው ግን ወሰን አለው። በላዩ ላይ ያነበብነው 5 አምፔር-ሰዓት ነው። ስለዚህ ክላክሱ በአጭር በአጭሩ ይጫናል እንጂ እንደ ሠርግ መኪና አይጮህበትም፤ ኮምፕሬሰሩም ሳያቋርጥ ለመሥራት የተሠራ አይደለም።

ያልተጠየቀው ተናገረ

መካኒኩ ከሄደ በኋላ ቡና አፈላሁ። ልጄ ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ፣ ቀና ሳይል፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ግድግዳ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

የተጫነ መኪና ከጎን መንገድ ሳያየው ወጣበት። እሱ ክላክሱን ተጫነ፤ ደግሞ ተጫነ። ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቷል፣ ሙዚቃም ከፍቷል። ልጄ መኪናው እንዳልሰማው ሲገባው ነው ፍሬን የያዘው፤ ያኔ ዘግይቷል፣ ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። «ሁለት ጊዜ ክላክስ ከመጫን አንድ ጊዜ ፍሬን ብይዝ ኖሮ አልወድቅም ነበር» አለ።

አብረን አሰላነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። «ሰምቶኝ ይሆን?» ብሎ ሁለት ሰከንድ መጠበቅ ማለት ከ30 ሜትር በላይ ወደ አደጋው መቅረብ ነው። ክላክስ ሌላው ሰው እንዲያድነን የምንለምንበት ነው፤ ፍሬን ግን በእጃችን ያለ ነው። ቅድሚያ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ወይም አብሮ ክላክስ። ይህን እኔ አላስተማርኩትም፤ ራሱ ነው ያለው። እኔ ቡናውን ብቻ ቀዳሁለት።

ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ መሆኑን ይናገራል። በድርጅቱም በተደጋጋሚ የተጠቀሰ ጥናት ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳያል። ይህን የሚያህል ጥቅም የሚሰጥ ክላክስ የለም። ስለዚህ ለትልቁ ክላክስ ያሰበውን ገንዘብ ለደህና ሄልሜት አዋለው፤ ማሰሪያው አገጭ ሥር የሚጠብቅ።

ስለ ጆሮም ልናገር። እንዲህ ያለው ክላክስ ከቅርብ ሲጮህ ከ110 ዴሲቤል በላይ ሊሆን ይችላል። ለሠራተኞች ጆሮ በስምንት ሰዓት ሥራ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። አራስ ቤት፣ ሆስፒታል በር፣ ትምህርት ቤት አጥር ሥር እንዲህ ያለ ነገር መንፋት ነውር ነው። በማታ ተረኛነቴ ስንት ጊዜ በመንገድ ክላክስ ሕፃናት ሲባንኑ አይቻለሁ። ስለዚህ የፋብሪካው ክላክስ በትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ተመልሶ ተቀጠለ፤ ለከተማ ጫጩቱ፣ ለአውራ መንገድ ትልቁ። የትራፊክ ፖሊስም ስለ ክላክሱ ቢጠይቀው ትንሹን ይዞ መልስ አለው።

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ «ክላክሴ ደከመ» ካላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁት፦

1. የጡሩምባው አፍ ንጹሕና ወደ ታች ያዘነበለ ነው? ቱቦው አልታጠፈም?
2. ባትሪው ሲያርፍ ስንት፣ ሞተር ሲነሣ ስንት ያሳያል?
3. እየጮኸ ሳለ ክላክሱ ጋ የሚደርሰው ቮልት ባትሪው ላይ ካለው በስንት ያንሳል? ከግማሽ ቮልት ብዙ ካለፈ ሽቦውን መርምሩ።
4. ሪሌ አለው? የራሱ ፊውዝስ? ፊውዙን አውጥቶ ያሳያችሁ።
5. ኔጋቲቩ የታሰረው በንጹሕ ብረት ላይ ነው ወይስ በቀለም ላይ?

ስድስተኛው ጥያቄ በአፍ የሚጠየቅ አይደለም። በርጩማ ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቴስተሩን ወይም ባትሪ መብራቱን ያዙለት። ከልጅ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ የማይወጣ ነገር ጎን ለጎን ተቀምጦ ብሎን ሲፈታ ይወጣል። የእኔ ልጅ ለሁለት ሳምንት የደበቀኝን የነገረኝ እንዲህ ነው።

አሁን ማታ ማታ ከበሩ ሲደርስ በጫጩቱ ክላክስ ሁለት ጊዜ «ጢጥ ጢጥ» ያደርግልኛል። እኔም በሩን ለመክፈት እነሣለሁ።